ፍላይዊሉ ቢሽከረከርም ፊልዱን ማን ይመግበው?

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያችን ፍላይዊል (ሲሽከረከር ጉልበት የሚያጠራቅም ከባድ ጎማ) ያለው ጄነሬተር እየሠራን ነው። ቀስ ብለን አሽከርክረን፣ ጉልበቱን በቅጽበት በትልቅ ከረንት መልቀቅ እንፈልጋለን። ለፊልዱ፣ ማለትም የማሽኑን ማግኔትነት ለሚፈጥረው ክፍል፣ ቋሚ ማግኔት ይሻላል፣ ባትሪ፣ ወይስ ማሽኑ ከራሱ መውጫ ከረንት ራሱን ይመግብ? አማካሪያችን የመጨረሻውን ይመርጣሉ።

መልስ፦ አማካሪህ አልተሳሳቱም፤ ለእናንተ ማሽን ግን ባትሪ እመርጣለሁ።

ቋሚ ማግኔት ወደሚሽከረከረው ፊልድ ከረንት የሚያሻግር ካርቦን አያስፈልገውም፣ ደስ ይላል። ግን ማጥፊያ የለውም። መውጫው ላይ ሾርት ቢፈጠር ፊልዱን ቆርጠህ አታድነውም፤ ፍላይዊሉ ያጠራቀመው ሁሉ ጥምጥሙ ላይ ያልቃል።

ራስን መመገብን ለማየት እዚያው አዳማ አንድ ጄነሬተር ጠጋኝ ጋ ጎራ በል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ጄነሬተር ሞተሩ ይነሳል፣ መብራት ግን እምቢ ይላል። ጠጋኙ ከ12 ቮልት ባትሪ ሁለት ሽቦ ያመጣና ፊልዱን ለአፍታ ነካ ያደርጋል። ቮልቲሜትሩ ብድግ! ራስን መመገብ የሚነሳው ብረቱ ውስጥ ከምትቀር ትንሽ ማግኔትነት ነው፤ እሷ ጠፍታ ነበር።

ኮምፐልሴተር የሚባሉት፣ ጉልበታቸውን በቅጽበት የሚለቁ የፐልስ ማሽኖች ጋ ጉዳዩ ይከብዳል። ብረት 2 ቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል፣ ከዚያ በላይ ብዙም አይረዳም፤ ክብደቱም አለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ያለ ብረት፣ በአየር ኮር ይሠራሉ። ያኔ የምትቀር ማግኔት የለችም። ካፓሲተር የመጀመሪያውን ከረንት ይልካል፤ የማሽኑ መውጫ በሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያደርገው የዳዮዶች ስብስብ) ወደ ፊልዱ ይመለሳል፣ ከረንቱም ራሱን እያሳደገ ይሄዳል። ፍጥነቱ ካነሰ ግን አያድግም፣ ይሞታል። እድገቱ ከዘገየም ፊልዱ ይግላል፤ ያ ሙቀት የሚከፈለው ከሮተሩ ጉልበት ነው። ያን ያህል ትልቅ የፊልድ ከረንት ከውጭ ማቅረብ ስለሚከብድ ነው እዚያ ራስን መመገብ የሚያዋጣው።

እናንተ ግን የብረት ኮር ነው ያላችሁ ብዬ እገምታለሁ። የመኪና ዳይናሞ ከሆነማ ፊልዱ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው፤ ባትሪ ይበቃዋል። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር አውጡት፣ አለበለዚያ ፊልዱን እሱ ያዝዝባችኋል። ደግሞ በባትሪ ስትሠሩ የፊልዱ ከረንት ይታወቃል፣ ፍጥነቱም ይለካል። ራሱን የሚመግብ ማሽን እምቢ ሲል ዳዮዱ ይሁን ፍጥነቱ ወይስ መነሻው፣ ግራ ነው የሚገባህ።

አንድ ነገር አደራ፦ ከረንት እያለፈ የፊልዱን ሽቦ አትንቀሉ። ኮይሉ ከባትሪው እጅግ የበለጠ ቮልቴጅ ይተፋል። ፊልዱ ላይ ዳዮድ ከባትሪው በተቃራኒ አቅጣጫ እሰሩ። ልኬቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ የአማካሪህን መንገድ እዚያው ማሽን ላይ ሞክሩ፤ ያኔ ባትሪው ለመነሻ ብቻ ይሆናል።