«ሐውልቱ ተነሣ» ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህር ነኝ። በውጭ አገር ስለተወገዱት የባሪያ ነጋዴዎች ሐውልት ተማሪዎቼ ሲጽፉ አንዱ «ተነሣ»፣ ሌላው «ፈረሰ»፣ ሦስተኛው «ተገረሰሰ» ይላል። የቱ ልክ ነው? «ባሪያ ፈንጋይ» እና «የባሪያ ነጋዴ»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ግን ሦስቱም ሌላ ሌላ ነገር ይናገራሉ።

«ተነሣ» ብቻውን ሲቆም ይምታታል፤ የተቀመጠ ይነሣል፣ የወደቀም ይነሣል። «ከአደባባዩ ተነሣ» ቢባል ግን መወገዱ ግልጽ ነው። ለንደን ውስጥ የሮበርት ሚሊጋን ሐውልት ሰኔ 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በመሬቱ ባለቤት ውሳኔ በማሽን ተወስዷል፤ ለእሱ «ተነሣ» ይስማማዋል።

«ተገረሰሰ» ቁሞ የነበረ ነገር በኃይል ሲወድቅ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከግንዱ ሲቆረጥ እንደሚገረሰሰው። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ግንቦት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰልፈኞች የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት በገመድ ጎትተው ጣሉት፤ እያንከባለሉም ወስደው ከወደቡ ውኃ ከተቱት። ይህን «ተነሣ» ማለት የሆነውን ማድበስበስ ነው። እኔ ብሆን «ሰልፈኞች ገረሰሱት» ብዬ አድራጊውንም እጠራለሁ፤ «ተገረሰሰ» ማን እንዳደረገው አይነግረንምና።

«ፈረሰ» ለካብ፣ ለአጥር፣ ለግንብ ነው። ኮልስተን ነሐስ ነው፤ አልፈረሰም፤ ከቀናት በኋላም ከውኃው ወጥቷል። አሜሪካ ውስጥ የሪችመንድ ከተማው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በክሬን ወርዶ ወገቡ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። ሻርለትስቪል የነበረው ሌላው የሊ ሐውልት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ቀለጠ። ወረደ፣ ተቆረጠ፣ ቀለጠ፤ ግሱ በነገሩ ልክ ሲመረጥ ማብራሪያ አይሻም። በእኛ አገር ሐውልት የመቃብር ድንጋይም ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የአደባባይ ሐውልት» ይበሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል። መፈንገል ሰውን ከቀዬው አፍኖ መውሰድ ነው፤ ፈንጋይ ያንን የሚያደርገው ነው። ኮልስተን ሰው ሲያፍን አልዋለም፤ ሰው እየገዛ በመርከብ የሚያጓጉዝ ኩባንያ ሹም ነበር፤ ስለዚህ «የባሪያ ነጋዴ» ነው። ሊ ደግሞ የጦር ጄኔራልና ባሪያ አሳዳሪ ነበር። «ከባርነት ጋር ግንኙነት ያለው ሰው» የሚለውን ግን ተማሪዎችዎ ይተዉት። ፈነገለ፣ ሸጠ፣ ገዛ፣ አሳደረ የሚሉ ግሦች እያሉን «ግንኙነት» ማለት ጥፋቱን ከባለቤቱ ያርቃል።

የተሸጡትንም «ባሪያዎች» ብሎ ከማለፍ «በባርነት የተሸጡ ሰዎች» ይባል፤ «ባሪያ» ዛሬም ስድብ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻም አይደለም፤ ከአንኮበር ግርጌ በአልዩ አምባ አካባቢ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ለገበያ ይቀርብ ነበር። ተማሪዎችዎ ያንኑ ገበያ በእነዚሁ ግሦች ይጻፉት።