ክራሩን ስቅ እንዳይለው

«ለጥምቀት ፎቶዎቼ 30 ሰከንድ የክራር ሙዚቃ በኦዳሲቲ (በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም) ቆርጬ ደጋግሜ ሳጫውተው፣ መገጣጠሚያው ላይ ቋ ይላል። ትንሽም ዝም ይላል። ምን ይሻላል?» ላልከው ወንድሜ።

እኔንም አቃጥሎኛል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላለ አንድ እንግዳ ማረፊያ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ክራር ሠርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንግዳ ተቀባይዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ ክራርህን ስቅ ይለዋል፤ ውኃ ስጠው!»

ዝምታውና ቋ ማለቱ ለየቅል ናቸው። ዝምታው የፋይሉ ጣጣ ነው። ኤምፒስሪ (MP3) ድምፁን በ1152 ናሙና (ጥቃቅን የድምፅ ልኬት) እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ ከፊትና ከኋላ ባዶ ይጨምራል። ፋይሉን በዌቭ (WAV) ወይም በኦግ (OGG) ዓይነት አውጣው። ኤምፒስሪውን ራሱን ወደ ዌቭ ብትቀይረው ግን ባዶው አብሮ ሊመጣ ይችላል። ከዋናው ቅጂ ጀምር።

ቋ የሚለው ሞገዱ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ስለተቆረጠ ነው። ቦታውን ምረጥና ኪቦርዱ ላይ ዜድን (Z) ተጫን፤ ምርጫው ሞገዱ የመሃሉን መስመር ወደሚያቋርጥበት ይጠጋል። የምትቆርጠውም ጣት ክሩን ከመምታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሁን። ርዝመቱን በምት ቁጠር፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ፣ 16 ምት 8 ሰከንድ ነው። ደርዳሪው ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከተጫወተ ግን ሒሳቡን ተወው፤ በጆሮህ ፈልግ።

እኔን የጣለኝ ሌላ ነው። ክሩ ከተመታ በኋላም ይርገበገባል። እዚያ ላይ ስትቆርጠው አንገቱን እንደተቀላ ይሆናል። ብዙ ሰው ታዲያ ፌድ አውት ያደርግበታል (ድምፁን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል)፤ ሙዚቃው በየ30 ሰከንዱ ሞቶ ይነሳል! ይልቅ ዜማው የሚያልቅበትን ቅጂ ያዝ። ምቱ የሚሞላበት ላይ ቁረጥ፤ የተረፈውን ርግብግብታ ግን አትጣለው። አዲስ ትራክ ላይ ከዜሮ ጀምረህ ለጥፈውና ሁለቱን ቀላቅል። ጅራቱ ራሱ ላይ ዞሮ ይጠመጠማል። መጀመሪያ ሲከፈት ከየት መጣ የሚያሰኝ ጭላንጭል ድምፅ ይኖራል፤ ከሁለተኛው ዙር ወዲያ ማንም አያውቀውም።

ማሲንቆ ከሆነ ጉድህ ነው፤ ድምፁ ትንፋሽ አይሰጥህም። እዚያ ላይ ክሮስፌድ (መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ቀስ በቀስ ማደባለቅ) ሞክር፤ ቅላጼው ተመሳሳይ የሆነበትን ቦታ ካገኘህ።

ስትፈትሸው ዓይንህን ከስክሪኑ አንሳ። መስመሩ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ እያየህ ከሆነ ጆሮህ የሌለ ስቅታም ይሰማል።