መክተፊያን በበረኪና መጥረግ ይበቃል ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ሥጋ ቤት ልትከፍት ነውና «መክተፊያውን በበረኪና ብጠርገው ይበቃል?» ብለሃል። ብቻውን አይበቃም። ስብና ደም ባለበት ጣውላ ላይ በረኪና ቢፈስ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። መጀመሪያ ፍቀው፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ አለቅልቀው። በረኪናው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አንድ ደቂቃ ይቆይበት፣ ከዚያ በአየር ይድረቅ። በጨርቅ እንዳትወለውለው! ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት ቢላዋውን በደንብ አጥቦ፣ ጠረጴዛ በጠረገበት ጨርቅ ሲያደርቀው አይቼ ያዘዝኩትን ጥሬ ሥጋ ትቼ ወጥቻለሁ።

በረኪናውን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅለው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቢላዋን 77 ዲግሪ በደረሰ ውሃ 30 ሰከንድ መንከርም ይሠራል። ደሴ ከፍታ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ቢሆንም ከ77 በደንብ ይበልጣል።

ቁጥጥሩን በተመለከተ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ዝርዝሩን ግን ሥራ ሳትጀምር የከተማውን ጤና መሥሪያ ቤት ጠይቅ። የተሰነጠቀ መክተፊያ ካለህም ከአሁኑ ቀይረው።