«ተመስገን ነው» ሲሏችሁ አትቸኩሉ

ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ኑሮ ጥራት ቤት ለቤት እየዞራችሁ ልትጠይቁ የተመለመላችሁ ልጆቼ፣ ሥልጠናው ላይ ስለ ታብሌቱ ብዙ ይነግሯችኋል። ቻርጅ አድርጉ፣ ጂፒኤሱን አብሩ፣ ማታ ማታ ዳታውን ላኩ። ስለሚጠየቀው ሰው ግን ጥቂት ነው የሚነገራችሁ። እኔ በነርስነትም፣ በጥናት አስተባባሪነትም ድሬዳዋ ውስጥ ሸብቻለሁና ስለ ሰውየው ላጫውታችሁ።

የኛ አገር ሰው «እንዴት ነዎት?» ሲባል መልሱ አፉ ላይ ነው። አንዱ አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው ተመስገን ይላል። ልጅ የሞተበትም፣ ሥራ የፈታውም እንደዚያው ነው የሚለው። እናንተ ይህን ሰምታችሁ፣ ችግር አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ታብሌቱ ላይ «በጭራሽ» የሚለውን መልስ ነክታችሁ ካለፋችሁ ሰላምታ መዘገባችሁ እንጂ መልስ አላገኛችሁም። ፒኤችኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ 9 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ሁሉም የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ነው። የጥያቄውን ቃል መቀየር አይፈቀድላችሁም፤ ቀኑን ማስያዝ ግን ትችላላችሁ። «ካቻምና የሆነውን አይደለም፣ ካለፈው ሳምንት በፊት ካለው ቅዳሜ ገበያ ወዲህ ያለውን ነው» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይጨንቃችኋል፤ ቻሉት። ሰው እያሰበ ነው።

ማን አጠገባቸው እንዳለም እዩ። ገንደ ቆሬ አንዲት እናት ሽንኩርት እየላጡ ነበር የሚመልሱልኝ። ምራታቸው እዚያው ግቢ ልብስ ታጥባለች። እንቅልፍ ደህና፣ የምግብ ፍላጎት ደህና፣ ሁሉ ደህና። ወረቀቴን ሰብስቤ ስነሳ ምራቲቱ ባልዲዋን አንጠልጥላ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እናትየው በሩን አይተው፣ እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና «ልጄ፣ እኔኮ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አሉኝ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ በልባችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማታ መልስ አታስተካክሉ። «ይህን ልጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካሉ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ ለብቻ የሚቀመጡበት ቦታ መፈለግ ነው። ጎረቤት ወይም ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ድሬ ላይ አንድ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ልጁን በአማርኛ ተቆጥቶ፣ አላፊውን በሶማልኛ ሰላም ይላል። በየትኛው ቋንቋ መመለስ እንደሚቀላቸው ጠይቋቸው። በቋንቋቸው የተዘጋጀውን መጠይቅ የያዘው ጓደኛችሁ ይምጣ እንጂ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ አትተርጉሙ።

ሰዓት ደግሞ አለ። ከ7 ሰዓት በኋላ ድሬ በሩን ይዘጋል። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፤ በርጫው፣ ተሰብስቦ ጫት መቃሙ፣ ሌላ ነው። አቦ፣ ምርቃና ላይ ያለን ሰው ስለ ወደፊት ተስፋው ብትጠይቁት ፎቅ ሠርቶ ያሳያችኋል! ማታ ምርቃናው ሲበርድ ያው ሰው ሌላ ሰው ነው። ጫት ባልቃመ ቀን ዱካክ እያስጮኸ የሚቀሰቅሰውም አለ። የእንቅልፉ ችግር ከጫት ይሁን ከጭንቀት መለየት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም አይደላችሁም። በጠዋት ሂዱ፣ የጠየቃችሁበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ይበቃል።

«ምን ይሰጠናል?» መባላችሁ አይቀርም። ለሴፍቲኔት የምትመዘግቡ የሚመስለው ሰው ችግሩን ያበዛል፤ ከቀበሌ የመጣችሁ የሚመስለው ይደብቃል። ስለዚህ ምንም እንደማይሰጥ፣ ስማቸውም እንደማይወጣ፣ ያልፈለጉትን ጥያቄ መዝለል እንደሚችሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ይህ በተለይ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ባለ 26 ጥያቄው የኑሮ ጥራት መጠይቅ ላይ ይጠቅማችኋል። 21ኛው ጥያቄ በወሲብ ሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ ይጠይቃል። የ24 ዓመት ወንድ ልጅ እናቱን ለሚያህሉ ሴት ይህን ሲያነብ ድምፁ ይጠፋል። ከተቻለ ሴትን ሴት ትጠይቅ። ካልሆነም ከላይ ስለ እንቅልፍና ስለ ሥራ ችሎታ ባነበባችሁበት ድምፅ አንብቡት። እናንተ ካላፈራችሁ እነሱ ብዙ አያፍሩም።

ካፌ ተቀምጦ ፎርም የሚሞላ ልጅ በየጥናቱ አይጠፋም። አይነቃብኝም ብሎ ነው። ከነዚያ 26 ጥያቄዎች 3ኛው፣ 4ኛውና 26ኛው የተገለበጡ ናቸው፤ እዚያ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሳየው የባሰ ነገርን ነው። ከላይ እስከ ታች 4፣ 4፣ 4 እያለ የሚወርድ ፎርም እዚያ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ታብሌቱም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይመዘግባል።

አሁን ወደ ከባዱ። የፒኤችኪው የመጨረሻ ጥያቄ መሞት ይሻለኛል ስለሚል ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። ብዙ ልጆች ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብለው ይፈሩታል፤ አንዳንዱም ሳያነበው ዜሮ ይሞላል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አንድ ሰው «አዎ» ካላችሁ ወደሚቀጥለው ገጽ አትሩጡ። አትምከሩ፣ አትገሥጹ፣ «ኃጢአት ነው» አትበሉ። አጠገባቸው ቆዩ። አሁን ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። አስበው ከሆነ ብቻቸውን ትታችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ሆናችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ደውሉ። ምስጢር ይጠበቃል ስትሉ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ለሚረዳ ሰው እንደምትናገሩ ከመጀመሪያው መንገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ታዲያ አለቆቻችሁን ይህን ጠይቁ፦ እንዲህ የሚል ሰው ዛሬ ባገኝ ማን ጋ ነው የምወስደው? ድል ጮራ ሆስፒታል ከሆነ የትኛው ክፍል፣ በምን ሰዓት፣ የባጃጁንስ ማን ይከፍላል? «እናየዋለን» ካሏችሁ አበላችሁ ቢቆረጥም እስኪያዩት ድረስ አትውጡ።