60 ፒዲኤፍ ይዘህ ሲ ፕላስ ፕላስ በየትኛው ልጀምር ላልከው

ትናንት አንድ ልጅ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስለ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ስለ ፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር። "ሲ ፕላስ ፕላስ ከዜሮ መጀመር እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ኔት የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ከቴሌግራም 60 የሚሆን ፒዲኤፍ አውርጃለሁ፣ የትኛውን ላስቀድም?" መልስ ከሰጡት ግማሾቹ "ተወው፣ ፓይተን የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ተማር" አሉት። ግማሾቹ ደግሞ ሌላ ፒዲኤፍ ላኩለት።

ወንድሜ፣ እኔ ፒዲኤፍ አልጨምርብህም። እንዴት እንደምትቀንሰው ግን ልንገርህ። እኔም ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ አንድ ፎልደር ሙሉ ሰብስቤ፣ አንዱንም ከምዕራፍ 3 ሳላሳልፍ አንድ ዓመት ያቃጠልኩ ሰው ነኝ። ፓይተን ይሻልሃል የሚሉህን ለጊዜው እለፋቸው፤ ቋንቋውን የፈለግክበትን ምክንያት አንተ ታውቃለህ።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ፋይል ክፈትና የመጀመሪያዋን ፕሮግራም ብቻ እያት። "አይኦስትሪም" ከሚለው ቀጥሎ ነጥብ ኤች ካለበት ዝጋው። ዋናው ፋንክሽን "ቮይድ ሜይን" ብሎ ከጀመረም ዝጋው። "ኮንዮ" የሚባል ሄደር (ፕሮግራሙ አናት ላይ የሚጠራ ፋይል) እና "ጌትች" የምትባል ነገር ካየህ ደግሞ ጭራሽ አጥፋው። ያ ጽሑፍ ቦርላንድ የሚባል ኩባንያ በ1990 ላወጣው ለቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ ዘመን የተጻፈ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1998 ቋንቋው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሲወጣለት ያቺ ነጥብ ኤች ቀርታለች። በ2011 ደግሞ መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ታደሰ፣ ከዚያ ወዲህ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፦ 2014፣ 2017፣ 2020፣ 2023። እኔ ይሄን ስለማላውቅ በእጄ የነበረውን አሮጌ ሃንድአውት እንዳለ ገልብጬ ጻፍኩና ኮምፓይለሩ (የጻፍከውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) "እንዲህ የሚባል ፋይል የለም" አለኝ። ቫይረስ መሰለኝ። ብር ከፍዬ ዊንዶውስ አስፎረመትኩ። ተመልሼ ስሞክረው ያው ነው።

በዚህ ብቻ ግማሹ የሚወድቅልህ ይመስለኛል። ከተረፈው ውስጥ ደግሞ ማውጫውን እይ። ቬክተር (የዝርዝር መያዣ) እና ስትሪንግን (የጽሑፍ መያዣ) ቀድሞ የሚያስተምረውን ያዝ። ገና በጠዋቱ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ መያዣ)፣ "ኒው" እና "ዲሊት" (ሜሞሪ መያዣና መልቀቂያ) ውስጥ የሚነክርህን ለኋላ አቆየው። ፖይንተር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፣ ትደርስበታለህ። ግን ገና ሉፕ (ኮድ ደጋግሞ ማሠሪያ) ሳትጽፍ ሜሞሪ በእጅህ ልቀቅ ቢሉህ ቋንቋውን ትጠላዋለህ።

ሦስተኛዋን ፈተና ያገኘኋት በአክስቴ ሱቅ ነው። የዱቤ ደብተሯን ወደ ኮምፒውተር ላግባልሽ ብዬ ተነሳሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ብሩን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ስሙን። ብሩን 350 ብዬ ኢንተር ስጫን ስሙን ሳይጠይቀኝ ዘሎት ይሄዳል! ሁለት ቀን ጋቢ ለብሼ ተኮልኩዬበት ዋልኩ። አክስቴ መጥታ አየችና "ስም የማይጽፍ ደብተር ምን ያደርግልኛል?" ብላ ሄደች። ነገሩ እንዲህ ነው። 350ን ስትጽፍ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ብቻ ይወስዳል፣ የተጫንካት ኢንተር ግን ወረፋው ላይ ቆማ ትቀራለች። ስም ለማንበብ የምትጠራው "ጌትላይን" ደግሞ ኢንተር እስኪያገኝ ነው የሚያነበው። ገና ሲጀምር ያቺኑ ያገኛታል፣ ባዶ ስም ይዞ ጨረስኩ ይልሃል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ከያዝኳቸው ፋይሎች አንዱም አልነገረኝም። ስለዚህ ያንተ ፋይሎች ውስጥ ገብተህ "ጌትላይን"ን ፈልግ። ከቁጥር በኋላ ሲጠራ የሚያመጣውን ጣጣ ካስረዳ፣ የጻፈው ሰው ጀማሪ የት እንደሚወድቅ ያውቃል ማለት ነው።

እኔ ይሄንን በደንብ ተብራርቶ ያገኘሁት ለርን ሲፒፒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ነጻ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ አለ፣ ይታደሳል፣ ትምህርቶቹም መልመጃ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብትለኝ እሱን ነው የምልህ። ኔት ያገኘህ ቀን ፔጆቹን ለራስህ ፒዲኤፍ እያደረግክ አስቀምጥ። ለግል መጠቀም ይፈቅዳሉ፣ ማሰራጨት ግን አይፈቅዱም፣ ስለዚህ ቴሌግራም ላይ አትልቀቀው። መጽሐፍ እወዳለሁ ካልክ፣ ቋንቋውን በ1979 ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ የጀመረው ብያርን ስትሮስትሩፕ ራሱ ለጀማሪ የጻፈው አለ። 3ኛ እትሙ በ2024 ወጥቷል፣ ካገኘህ አሮጌውን ትተህ እሱን ያዝ። ሲፒፒ ሪፈረንስ የሚሉህ ድረ ገጽም ጥሩ ነው፣ የሚወርድ ኦፍላይን ቅጂም አለው። እሱ ግን መዝገበ ቃላት ነው። የረሳኸውን ትፈልግበታለህ እንጂ ቁጭ ብለህ አትማርበትም።

ቪዲዮ? ፍሪኮድካምፕ ዩቲዩብ ላይ የለጠፈው 31 ሰዓት የሚሆን አለ። በሞባይል ዳታ አስበው። እኔ 6 ሰዓት ያህል አይቼ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ሁሉም ገብቶኝ፣ ከዚያ ባዶ ፋይል ስከፍት አንድ ሉፕ እንኳ መጻፍ አቃተኝ። አንድ ርዕስ አልገባ ሲልህ የዚያን ቁራጭ ብቻ እይ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን ሲኤስ 50 የሚባል ኮርስ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠቁማል፤ ምርጥ ነው፣ ግን እዚያ የምታገኘው ሲ የሚባለውን ቋንቋ ነው፣ ሲ ፕላስ ፕላስን አይደለም።

ኮዱን ለመጻፊያና ለማስኬጃ፣ ላፕቶፕህ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ቪዥዋል ስቱዲዮ የሚባለውን አትሞክረው፣ ማውረዱ ብቻ ስንት ጊጋ ነው። ኮድብሎክስን አውርድ። ሲያወርዱት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኮምፓይለር የሌለበትን ፋይል በመምረጥ ነው፤ በስሙ ውስጥ ሚንጂደብሊው የሚል ያለበትን ውሰድ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልክህ ላይ ሲክስክስድሮይድ የሚባል አፕ አለ፣ ያለ ኔት ይሠራል። እኔ ክረምቱን ግማሹን በሱ ነው የገፋሁት፣ ጣቴ በብርድ እየደነዘዘ።

ኮድብሎክስን እንደጫንክ ከሁሉ በፊት የኮምፓይለሩን ሴቲንግ ክፈትና የተለመዱ ዋርኒንጎችን (ማስጠንቀቂያዎችን) በሙሉ አብራ የምትለዋን ምርጫ ምልክት አድርግ። ቋንቋውንም የ2017ቱን ምረጥ። ለምን መሰለህ፣ እኔ የአክስቴ ፕሮግራም ላይ "ዕዳው ዜሮ ከሆነ ስሙን አታሳይ" የሚል መስመር ጽፌ ሁለት የእኩል ምልክት በማድረግ ፈንታ አንድ አደረግኩ። አንድ እኩል ማለት ማወዳደር አይደለም፣ ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ምንም ሳይል በየተራ እየሄደ የሁሉንም ዕዳ ዜሮ አደረገው። የሰፈሩ ዱቤ በአንዴ ተሰረዘ! ደግነቱ አክስቴ የወረቀት ደብተሯን አልጣለችም ነበር። ዋርኒንጉ በርቶ ቢሆን ኮምፓይለሩ ያቺን መስመር ቁጥሯን ጠርቶ ያሳየኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ የእንግሊዝኛ መማሪያ እምብዛም አይነግርህም። ስም በአማርኛ ስታስገባ የዓምዶቹ አሰላለፍ ይንጋደድብሃል። "ሰላም" ስንት ፊደል ናት ብለህ ስትሪንግን ብትጠይቀው 9 ይልሃል። "ደብረ ብርሃን" ብትለው 22። አልተበላሸም። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ስትሪንግ የሚቆጥረው ባይቱን ነው፣ ክፍት ቦታዋ አንድ ባይት ናት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፕሮግራምህ የሚሮጥበት ጥቁሩ መስኮት ፊደሉን ሳጥን በሳጥን ሊያደርግብህ ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስሞቹን በላቲን ፊደል አስገባ፣ አማርኛውን ኋላ ትመጣበታለህ።

መልመጃ ሲያምርህ ኮድፎርስስ የሚባለው የፕሮግራም ጥያቄዎች ድረ ገጽ ላይ ቁጥር 4 ኤ የምትባለውን ሞክር። ሐብሐብ ለሁለት መክፈል ነው፣ የሁለቱም ድርሻ ክብደት ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር እንዲሆን። ሁለቱ ድርሻ እኩል መሆን የለበትም። ቀላል ትመስላለች። እኔ ሐብሐቡ 2 ኪሎ ሲሆን ላይ ወድቄያለሁ።

ኦፍላይኑን ሲፒፒ ሪፈረንስ እና ኮድብሎክስን ማውረድ ካስቸገረህ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ፍላሽ ይዘህ ና፣ እገለብጥልሃለሁ። ላፕቶፕህ 32 ቢት ይሁን 64 ግን መጀመሪያ አይተህ ንገረኝ፣ ፋይሉ ይለያያል።