ሊብሬው 1952 ይላል፣ መኪናው ግን ሌላ ይናገራል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ከፎቶዎቹ ጋር ደጋግሜ አየሁት። የገዛኸው ሼቭሮሌ 3100 ፒክአፕ ሊብሬው ላይ 1952 ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ደግሞ «ሞተሩ 235 ነው፣ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ነው» ብሎሃል (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው)። አንተም ይህን በምን ላረጋግጥ ብለሃል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። መኪናው የ1951 ነው የሚመስለኝ። ሞተሩ ግን በኋላ የገባ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላስረዳህ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ከወረቀቱ ይጀምራል። እኔ ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ መኪና አንዳንዴ የሚመዘገበው በተሠራበት ሳይሆን በተሸጠበት ዓመት ነበር። በ1951 ተሠርቶ ሻጩ ግቢ ውስጥ የከረመ ፒክአፕ 1952 ተብሎ ቢመዘገብ አይገርምም። አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ መኪናን የሚያውቁት በሞተር ቁጥሩ ነበር። ሞተሩ ሲቀየር ወረቀቱና መኪናው ይለያያሉ። ስለዚህ ሊብሬው ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። እኔ የምከተለው አንድ ደንብ አለ፦ በቡሎን የታሰረ ነገር ሁሉ ሊቀየር ይችላል። በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት ፍርግርግ ከሌላ ዓመት መኪና ተፈትተው ይገባሉ። ከጋቢናው ጋር አብሮ የተሠራ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ስለዚህ ማንኛውንም ምልክት ስታይ መጀመሪያ «ይህን ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለህ ጠይቅ።

ያንተ መኪና ትውልዱ የታወቀ ነው። በ1947 አጋማሽ የወጣውና እስከ 1955 መጀመሪያ የዘለቀው ነው። የነዳጁ መሙያ በፎቶህ ላይ ጋቢናው ላይ፣ ከተሳፋሪው በር ኋላ ይታያል። በ1947 እና በ1948 መሙያው የነበረው በካሶኒው ጎን ነው። ሰልባትዮው ከወንበሩ ኋላ ወደ ጋቢና የገባው በ1949 ነው። ይህ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር ስላልሆነ በደንብ አምነዋለሁ። የፊት መስታወቱ ደግሞ መሃሉ ላይ ተከፍሏል፤ ፍርግርጉም አግድም ነው። በ1954 መስታወቱ አንድ ወጥ ሆነ፣ ፍርግርጉም ተለወጠ። እንግዲህ ከ1949 እስከ 1953 ባለው መሃል ነን።

በሮቹ ይህን የበለጠ ያጠቡልናል። ፊት ለፊት ትንሿ ባለሦስት ማዕዘን የአየር መስታወት አለች። እሷ የመጣችው በ1951 ነው። የውጭው እጀታ ግን ወደ ታች የሚታጠፈው ዓይነት ነው። በ1952 እጀታው በአውራ ጣት የሚጫኑት ሆነ። ሁለቱን ስታገናኛቸው 1951 ይወጣል። ነገር ግን በር ቡሎን ነው ብያለሁ። ስለዚህ በሩን ክፈትና ማጠፊያው አካባቢ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ፈልግ። ከታች ያለው የመጀመሪያው ቀለም ከጋቢናው የመጀመሪያ ቀለም ጋር አንድ ከሆነ በሩ የራሱ ነው የማለት ዕድልህ ሰፊ ነው።

ነገሩን የሚቆርጠው ግን በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ናት። «ቀለም ተቀብታ አይነበብም» ብለሃል። እባክህ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካት። ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛ አርጥበህ ቀስ አድርገህ ጥረግ። የሰሌዳዋ የራሷ ቀለም ቢለቅም የተመታው ቁጥር አይጠፋም። የምትፈልገው ከመጀመሪያው ቁጥር ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ፊደላት ነው። ጄ-ፒ ከሆነ የ1951 ግማሽ ቶን ፒክአፕ ነው። ኬ-ፒ ከሆነ የ1952 ነው፣ እኔም ተሸንፌያለሁ ማለት ነው። ኤች-ፒ ደግሞ 1950 ነው። ከነሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወሩን ይነግርሃል፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቁጥር ፋብሪካው ነው፤ ለምሳሌ 1 ፍሊንት፣ 3 ሴንት ልዊስ፣ 5 ካንሳስ ሲቲ። እንዲህ ያለች መዳፍ የማትሞላ ብረት ይህን ሁሉ ይዛ መቆየቷ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ወደ ሞተሩ ልለፍ። በ1951 ግማሽ ቶኑ 3100 ከፋብሪካ የሚወጣው ባለ 216 ኪዩቢክ ኢንች ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ነው። 235 ያኔም ነበረ፣ ግን የሚገባው ለከባዶቹ የጭነት መኪናዎች ነበር። ወደ ግማሽ ቶኑ የመጣው በ1954 ነው። ስለዚህ መኪናው 1951ም ይሁን 1952፣ የሻጩ አባባል አያስኬድም።

አሁን ያለው በእርግጥ 235 ነው ወይ? አዎ፣ ከፎቶው ያስታውቃል። የቫልቩ ክዳን በጎኖቹ በአራት ብሎኖች ታስሯል። የ216ቱ ክዳን የሚታሰረው ከላይ በሁለት ነው። በካንዴላዎቹ በኩል ያለውን የጎን ክዳንም ተመልከት። 216ቱ ላይ ረጅም ነው፣ ካንዴላዎቹን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ያንተ ግን ከካንዴላዎቹ በታች ነው የሚቆመው። ይህ ከ1954 ወዲህ ያለው 235 ነው።

አንድ ሌላ ምስክር አለህ፣ አንተ ግን አላየኸውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የዘይት ግፊት መለኪያ እይ። እስከ 30 ብቻ ነው የሚቆጥረው። የ216 መኪና መለኪያ እንደዚያ ነው፤ ከ1954 ጀምሮ 235 ይዞ የወጣው ላይ እስከ 60 ይደርሳል። 216ቱ የቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ዘይት በግፊት ሳይሆን እየጠለቀና እየረጨ ነው የሚያገኘው። ብሮንዚናውም (ቢየላው የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ተለይቶ የሚወጣ ሳይሆን እዚያው ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ስለዚህ ብዙ ግፊት አያስፈልገውም። ያንተ መርፌ ሞተሩ ሲነሳ መጨረሻው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሞተር የቀየረው ሰው መለኪያውን አልቀየረም። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ከማንኛውም ሻጭ ይልቅ ያንን መርፌ አምናለሁ።

የሞተሩን ዕድሜ ማወቅ ከፈለግክ በሞተሪኖው (ሞተሩን በሚያስነሳው) አካባቢ ሞኖብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ሲቀልጥ አብሮ የወጣ ረጅም ቁጥርና አጭር የቀን ምልክት አለ። በላዩ ጠመኔ አሽበት፣ ከጎን መብራት አብራበት፣ ወለል ብሎ ይታያል። ቀኑ የሚጻፈው በወር ፊደል፣ በቀንና በዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው። «ኢ 12 6» ካለ ሜይ 12፣ 1956 ነው። አንድ አሃዝ ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ሰውን ግራ ያጋባል፤ 1946 ነው 1956 ነው 1966? ያንተ ላይ ግን አያስቸግርም። ይህ ዓይነቱ 235 ከ1954 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ብቻ ስለተሠራ አንድ አሃዝ ሁለት ዓመት ላይ አያርፍም። ደግሞ የውሃ ፓምፑንና ሞኖብሎኩን እይ። በመሃላቸው ወፍራም የብረት ሳህን ከገባ፣ ከ1955 ወዲህ ያለ ሞተር በድሮው ራዲያተር ልክ እንዲገጥም የተደረገ ነው።

በአጠቃላይ ለማንኛውም መኪና፣ ሞኖብሎኩ የቀለጠበት ቀን መኪናው ከተሠራበት ቀን መቅደም አለበት፤ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት። ከመኪናው በኋላ የተቀለጠ ሞተር የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም። የቀደመ ግን በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

የጓደኛህ የ1969 ፎርድ ኤፍ-100 ነገር ደግሞ ሌላ ነው። «ሞኖብሎኩ ላይ 352 ተጽፏል፣ ስለዚህ 352 ነው» ማለቱ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ፎርድ በዚያ የሞተር ቤተሰብ 360ና 390 ላይም ፊት ለፊቱ 352 የሚል ጽሑፍ ያወጣ ነበር። በ1969 ኤፍ-100 ላይ ከፋብሪካ 352 አይገባም። የሻንሲ ቁጥሩን አራተኛ ምልክት ይመልከት። ኤ 240፣ ቢ 300 ነው፤ ሁለቱም ስድስት ሲሊንደር። ጂ 302፣ ዋይ 360፣ ኤች 390 ቪ8 ናቸው። ይህ ግን መኪናው ይዞት የወጣውን እንጂ አሁን ያለውን አይነግረውም። 360ና 390 ከውጭ አይለዩም፤ የሲሊንደራቸው ስፋት አንድ ነው። ልዩነቱ ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት ነው፤ በ360 89 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ390 96። ካንዴላ ፈትቶ በቀጭን ሽቦ የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ቢለካ፣ ቀዳዳው ዘመም ያለ በመሆኑ ልኩ ባይደርስም፣ የትኛው እንደሆነ ይገባዋል። የፎርድ ቀን አጻጻፍም ከሼቭሮሌ ይለያል፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩና ቀኑ ይከተላሉ። በወሮቹም ውስጥ አይ የሚባለው ፊደል ይዘለላል፤ ስለዚህ ጄ ሴፕቴምበር ነው።

ለመኪናህ የምመክርህ ይኸው ነው። 235ቱን አታውጣው። በግፊት የሚቀባ ስለሆነ በመንገድ ላይ ከ216ቱ የበለጠ ይመቻል፣ ያለ ብዙ ችግርም ይገጥማል። «ከፋብሪካ የወጣበት» ብለህ ግን አትሽጠው። የዘይት መለኪያውንም እስከ 60 በሚቆጥር ቀይረው፣ አለበለዚያ ትክክለኛውን ግፊት አታውቅም። የወጣውን ግን አስቀምጠው። ሰሌዳዋን ስታጸዳ ፎቶዋን ላክልኝ፤ ሁለቱን ፊደላት ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።