የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወንድሜን ለሦስት ሰዓት ለማን እንተወው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳል። ለመልበስ፣ ለመታጠብና መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል፤ ንግግሩን ለመረዳት ትዕግሥት ቢጠይቅም የሚወደውንና የሚጠላውን ጠንቅቆ ያውቃል። እናታችን 67 ዓመቷ ሲሆን ወገቧን ስለሚያማት እሱን ማንሳትና ማገዝ እየከበዳት ነው፤ ለራሷ የሕክምና ቀጠሮ እንኳ ከቤት መውጣት አቁማለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቤታችን እየመጣ ከእሱ ጋር የሚቆይ የሠለጠነ ረዳት ማግኘት እንደምንችል ተነግሮናል። እናቴ ግን «እኔ እያለሁ ልጄን ለባዕድ አልሰጥም» ትላለች። እኔም ልገፋፋት ፈራሁ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ የእናትዎን ፍርሃት እንደ ግትርነት አይቁጠሩት። የደረሰበትን በቀላሉ መናገር የማይችል አዋቂ ሰው ከሌላው ይልቅ ለበደል የተጋለጠ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እናትዎም ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ እመኚ» የሚለው ምክር አይበቃቸውም። የሚያሳምናቸው ረዳቱ ማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የት እንደሠራና ማን እንደሚመሰክርለት በግልጽ ሲታወቅ፣ እንዲሁም ማንኛውም የቤተሰብ አባል ሳይነግረው በፈለገው ሰዓት ተመልሶ መግባት እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ስምምነት ሲደረስበት ነው። ይህን ሁኔታ የሚቃወም ረዳት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ቀጥሎ ለእናትዎ የሚነሣውን ነጥብ በጥንቃቄ ይምረጡ። ለ34 ዓመታት ይህን ሸክም የተሸከመች እናት «ደክሞሻል፣ ዕረፊ» ስትባል «ከእንግዲህ አትችይም» የተባለች ሊመስላት ይችላል። ይልቁንም ስለ ወንድምዎ ቢያወሩ ይሻላል። ዛሬ እንዲህ ያለ እክል ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ከቀድሞው እጅግ ረዝሟል፤ ለምሳሌ ዳውን ሲንድረም (ከውልደት ጀምሮ ያለ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚያስከትል እክል) ያለባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ 25 ዓመት የነበረ ሲሆን አሁን ወደ 60 ዓመት ደርሷል። ይህም ማለት ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው በኋላ ይኖራሉ። ወንድምዎ የእናቱን እጅ ብቻ ለምዶ ከቆየ፣ እናትዎ አንድ ሌሊት በድንገት ሆስፒታል የሚገቡ ከሆነ፣ ያ የተፈራው ባዕድ በዚያው ሌሊት መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ግን የልጁን ጠባይ የሚያስረዳው ሰው አይኖርም። እናትዎ በጤናቸውና በቤታቸው ሳሉ፣ እያዩና እያረሙ ሌላ ሰው ማስለመድ አደራውን ራሳቸው አዘጋጅተው እንደ ማስረከብ ይቆጠራል። በእኛ አመለካከት የዚህ አገልግሎት ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ ዕረፍቱም አብሮ የሚመጣ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ግን የወንድምዎ አሳብ አልተጠቀሰም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ ዕድል ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ መንግሥታት በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦች ከሚያደርጉት ድጋፍ መካከል የተንከባካቢ ዕረፍትን፣ ማለትም ተንከባካቢው እንዲያርፍ ሌላ ሰው ለጊዜው የሚተካበትን አገልግሎት፣ ለይቶ ይጠቅሳል። በቤት ውስጥ ይህ መብት በጣም ቀላል መልክ አለው፦ ከተቻለ ሁለት ሰዎችን ያስተዋውቁትና ከማን ጋር እንደሚዝናና፣ ከማን እንደሚሸሽ ይመልከቱ። ቃል ባይወጣውም ፊቱና ሰውነቱ ይናገራሉ። ገላውን የሚያጥበው ሰው ወንድ ወይም ሴት ስለመሆኑም የእሱ ምርጫ ይጠየቅ።

አጀማመሩ አዝጋሚ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች ረዳቱ እናትዎ የሚያደርጉትን ብቻ ይመልከት፤ ቀጥሎ ረዳቱ ሲሠራ እናትዎ ይመልከቱ፤ ከዚያ ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ በመጨረሻም ለግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ይበሉ። ሲወጡ ተደብቀው አይውጡ። «እሄዳለሁ፣ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» ብለው ሰዓቱን ወይም ሥዕል አሳይተው ይሰናበቱት፤ ተደብቆ መውጣት ለዚያን ቀን ጭቅጭቅ ቢያስቀርም በሚቀጥለው ጊዜ እናቱን ከዓይኑ እንዳያጣ በር ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ሰውዬው በተቻለ መጠን ባይለዋወጡ ይመረጣል።

በጅምሩ መረበሽ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የማይወርድ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከመታጠብ በድንገት መሸሽ ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ ሰንበር ከታየ አገልግሎቱን አቁመው ያጣሩ። ከዚሁ ጋር ሕመም መኖሩንም ያስመርምሩ፤ የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም የጆሮ ቁስል በንግግር መግለጽ ለማይችል ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጠባይ ለውጥ ሲሆን፣ «እክሉ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም ጥቂት አይደለም።

እናትዎ በልባቸው የያዙትን ሁሉ በደብተር ላይ ማስፈር የእርስዎ ሥራ ይሁን። «እሺ» እና «እምቢ» በምን እንደሚገልጽ፣ መጸዳጃ ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሲከፋው ምን እንደሚያረጋጋው ይጻፍ። መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥና አንድ ጊዜ ቢረሳ ሐኪሙ ምን እንዲደረግ እንዳዘዘ በግልጽ ይስፈር፤ ረዳቱ በራሱ ግምት የተረሳውን ደርቦ እንዳይሰጥ። ስለ ሚጥል በሽታው ደግሞ ሕመሙ ሲጀምር የሚታየው ምልክትና ብዙውን ጊዜ የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍ። ረዳቱ ወዲያውኑ ሰዓት ይመልከት፣ የሚጎዱ ዕቃዎችን ከአካባቢው ያርቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኛው። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይከተትም፣ እጅና እግሩም በግድ አይያዝም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ በላዩ ላይ ሌላ ከተደገመ፣ ድንገተኛ የሕክምና እርዳታ መጠራት አለበት። ሲታጠብ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ ውኃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይተው።

የተገኘችው ሰዓት በምን እንደምትውልም አስቀድሞ ይወሰን። የመጀመሪያዋ ቀን ለእናትዎ የሕክምና ቀጠሮ ትዋል። ብዙ እናቶች ረዳቱ ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብተው የተጠራቀመ ሥራ ሲጨርሱ ይውላሉ፣ ማታም ከበፊቱ የባሰ ይደክማሉ፤ እርስዎም በዚያ ሰዓት በየዐሥር ደቂቃው እየደወሉ «እንዴት ነው?» ባይሉ መልካም ነው። ለድንገተኛ ጉዳይ ረዳቱ ራሱ ይደውላል።

ጥያቄ፦ ለ28 ዓመት ሴት ልጄ በሳምንት ሁለት ቀን ረዳት ትመጣለች። ኦቲዝም አለባት። ረዳቷ ግን ቀስ በቀስ ልብስ አጣቢና ቤት አጽጂ ሆነች፤ ልጄም ቴሌቪዥን ፊት ብቻዋን ትቀመጣለች። ሳላስቀይማት እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ ምናልባት በቤቱ ውስጥ ሥራ ያዘዛት ሰው ይኖር ይሆናል፤ መጀመሪያ ያንን ያጣሩ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። ሥራው ሁሉ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ልጅዎ የምትካፈልበት ከሆነ፣ ልብስ አብሮ ማጠፍም ሆነ ጠረጴዛ አብሮ ማስተካከል ጥሩ ውሎ ነው። ረዳቷ ወደ ልብሱ የሸሸችው ከልጅዎ ጋር እንዴት እንደምትግባባ ስላላወቀች ሊሆንም ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ወቀሳው ምንም አይጠቅም፣ በሁለት ጉብኝት አጠገባቸው ተቀምጠው ልጅዎ የምትወደውን ነገር እንዴት እንደምትጀምርና መቼ ዝም መባል እንደምትፈልግ ያሳዩዋት።